ግራ እጄን ሳነሳ

ኮልፌ ውስጥ ሠርግ ካለ አዛዡ እኔ ነኝ። ለጉራ አይደለም፤ ጉራ ብፈልግ ሌላም የምለው አለኝ። ግራ እጄን ወደ ላይ ሳነሳ ኬክ ሊያጎርስ የተዘረጋው የሙሽራው እጅ አየር ላይ ይቀራል፣ ሽማግሌው ምርቃታቸውን ከመሀል ያቋርጣሉ፣ አስተናጋጁ ጭልፋውን እንዳንጠለጠለ ይቆማል። ፍላሹ ብልጭ ይላል፣ እጄን አወርዳለሁ፣ ሠርጉ ካቆመበት ይቀጥላል። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። «ወንድዬ ፎቶ» ካላችሁት የታክሲ ረዳቱ በሬ ላይ ያወርዳችኋል።

ይህን እጄን የናቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋሽ በየነ። ማሲንቆ ተጫዋች ናቸው። በወጣትነታቸው ከጎጃም መጥተው ኮልፌ የቀሩ፣ የሰፈሩን ሠርግ ሁሉ ያደመቁ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ስንገናኝ እኔ ጀማሪ ነበርኩ፣ ጀማሪ ደግሞ ቁጡ ነው። እጄን ሳነሳ ሁሉም ቀጥ ሲል እሳቸው ብቻ ማሲንቆውን እየገዘገዙ በሙሽሮቹና በእኔ መሀል ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሦስት ፎቶ አበላሹብኝ። ፊልም የሚቆጠርበት ዘመን ነበርና በእንግዳው ሁሉ ፊት ጮህኩባቸው። ካሜራ ሲዞርብዎት ቀጥ ይበሉ፣ አፍዎን ይግጠሙ፣ ወደ ሌንሱ ይዩ አልኳቸው። ጋሽ በየነ ክፉ ቃል አይወጣቸውም፤ እሺ ልጄ አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሜራዬ ወደ እሳቸው በዞረ ቁጥር ደጋኑን ከጭራው ላይ ያነሳሉ፣ ደረታቸውን ይነፋሉ፣ ትክ ብለው ያዩኛል። ወታደር እንኳ እንዲህ አይሰለጥንም።

እንዲህ ቀጥ ብለው የተነሱትንም ቢሆን ቆርጬ አወጣቸው ነበር። የደንበኛ ትእዛዝ ነዋ። አልበሙ ከመዘጋጀቱ በፊት የሙሽሪት እናት ትመጣና እየገላለጠች ትመረምራለች። ኮልፌ ውስጥ ፎቶ ማለት ከነጫማው ነው፤ ሶፋው መታየት አለበት፣ መጋረጃው መታየት አለበት፣ የኬኩ ፎቅ መቆጠር አለበት። «ይሄ ባለማሲንቆ ግን ምን ያደርጋል እዚህ?» ትላለች። እኔም መቀሴን አነሳለሁ። ኋላ ኮምፒዩተር መጥቶ መቀሱ ሲቀር እንኳ ቆረጣው አልቀረም።

እንግዲህ ወደ ሌንሱ ልምጣ። ባለፈው ጥቅምት አንድ የፒያሳ ፎቶ አንሺ አታልሎኝ አሮጌውን ባለዙም ሌንሴን በአዲስ ሌንስ ለወጥኩት። አዲሱ ዙም የሚባል ነገር የለውም። ሰውን ማቅረብ ከፈለግህ በእግርህ ትሄዳለህ፣ ማራቅ ከፈለግህም በእግርህ ትመለሳለህ። ነገር ግን ፊት ላይ ሲያርፍ ያ ፊት ብቻ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ከጀርባው ያለው ዓለም ቅቤ ሆኖ ይቀልጣል። ፎቶ ቤቱን አብራኝ የምትሠራው ባለቤቴ ዋጋነሽ ዓይኗ ላይ አድርጋ አየችው፣ አዟዟረችው፣ የሚያቀርበው በየት በኩል ነው ብላ ጠየቀችኝ። አያቀርብም አልኳት። ዓይን ከያዝኩ ጆሮ እስኪጠፋ ድረስ አንዱን ለይቶ የሚያወጣ ጥበበኛ ሌንስ መሆኑን በሰፊው አስረዳኋት።

«ጆሮ የሌላት ሙሽራ ማን ይረከብሃል?» አለች።

እውነቷን ነበር። የመጀመሪያዋ ሙሽራ ፎቶዋን አይታ እናቴ የት ሄደች አለች። እናትየው ከኋላዋ ቆመው ነጭ ደመና ሆነዋል። ስለዚህ ጫማ የማይቆጠርበት፣ መጋረጃ የማይታይበት ሥራ በብርቱ እፈልግ ነበር። ቦንቱ ፎቶ ቤቴ የገባችው በዚህ መሀል ነው።

ቦንቱ የአስኮ ልጅ ናት። ቤዝ ጊታር ትጫወታለች፣ ትዘፍናለች፣ «ሰፌድ» የሚባል ባንድ አላት። የባላገሩን ዘፈን በሬጌ ምት ይጫወቱታል፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም። ልምምዳቸው ከፎቶ ቤቴ ጀርባ ካለው ብረታ ብረት ቤት ጎን ስለሆነ፣ የመዶሻው ድምፅ የዘፈኑ አካል እንዳልሆነ ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ክረምት ላይ ጋሽ በየነን ማሲንቆ ተጫዋች አድርጋ ወስዳቸዋለች። እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በወጣት ማዕከሉ ግቢ የመጀመሪያውን ኮንሰርት ሊያሳዩ ነው። ፎቶ እንዳነሳላት ጠየቀችኝ። ጋሽ በየነም አብረዋት መጥተው ነበር፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ቦንቱ ለባንዱ ፖስተር እየተጫወቱ የተነሱትን ፎቶ እንዲያመጡ ጠይቃቸው ነበር። እሳቸውም አንድ አይጠፋም ብለው ከተጫወቱባቸው ቤቶች ብዙዎቹን እየዞሩ አልበም አስገልጠው አይተዋል። አንዱ ቤት ክርናቸውን አገኙ። ሌላው ቤት የማሲንቆውን አናት። አንዱ ዘንድ ጫማቸውን በማሰሪያው አወቁት። ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር፤ እኔም እየሳቅሁ ነበር፣ ግን ቀና አላልኩም። የእኔና የዋጋነሽ አልበም መደርደሪያው ላይ፣ ከራሴ በላይ ነበረች። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ሠርጋችን ላይ ስጦታዬ ነው ብለው ሲጫወቱ ውለዋል። ሙሽራ ሆኜም ግራ እጄን ያነሳሁት እኔው ነኝ፤ ጓደኛዬ ቁልፉን ተጫነ እንጂ። ከዚያም አማቴ አዘዙ፣ እኔ ቆረጥኩ።

«ለቀብሬ የሚሆን ጉርድ አለኝ፤ አንተው ነህ ያነሳኸኝ፣ እግዜር ይስጥህ» አሉ ጋሽ በየነ። «ስጫወት የሚያሳይ ግን የለኝም። አንድ ብታነሳኝ። አንድ ይበቃኛል።»

አንድ ምን አላት፣ መቶ አነሳዎታለሁ አልኩ። አዲሱን ሌንስም አሳየኋቸው። እርስዎ ጥርት ብለው ይወጣሉ፣ የቀረው ሁሉ ይጠፋል አልኳቸው። ጋሽ በየነ ሌንሱን እንደ ሕፃን በመዳፋቸው ተቀብለው አመሰገኑት።

እሁድ ስምንት ሰዓት ተብሎ ዘጠኝ ተኩል ላይ ተጀመረ። ግቢው ሞልቷል። ከፊት የፕላስቲክ ወንበር ላይ የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል፣ ከኋላ ባለድሬዱ ወጣት ቆሟል። ቦንቱ ቤዟን ስትመታ ምቱ ከመሬት ተነስቶ በጉልበቴ በኩል ገባ። ጋሽ በየነ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ማሲንቆው ከዚያ ከከባዱ ምት በላይ እየተንሳፈፈ ሲመጣ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሲጫወቱ አጠገባቸው ቆሜ አንድም ቀን እንዳልሰማኋቸው ገባኝ። ሠርግ ላይ የምሰማው የራሴን ካሜራ ነበር።

ወደ መድረኩ ቀረብኩ። ግራ እጄ ከልማድ ሌንሱን ዙም ለማድረግ ጠመዘዘው፤ ዙም ስለሌለው ፎከሱ ተበላሽቶ ጋሽ በየነ ጉም ሆኑ። መልሼ ጠመዘዝኩ፣ ጥርት አሉ። ጥርት ሲሉ ደጋኑን አንስተው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው ትክ ብለው እያዩኝ ነበር።

ማሲንቆው ጠፋ። ቤዝና ከበሮ ብቻ ቀሩ። ካሜራውን ወዲያው አወረድኩ፤ ጋሽ በየነም ወዲያው ካቆሙበት ቀጠሉ። ከኋላዬ ግቢው በፉጨት ተናወጠ። አጠገቤ የቆመው ባለድሬድ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ ሬጌ ላይ መሣሪያ እንዲህ ድንገት ወጥቶ ድንገት ሲመለስ ዳብ እንደሚባል፣ ትልቁ ጥበብም ይህ እንደሆነ አስረዳኝ። ቦንቱ ግን ጥበቡን አልወደደችውም፤ እየዘፈነች አንገቷን አዙራ አየቻቸው።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ከትልቁ ስፒከር ጀርባ ተደበቅኩ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ በጎን በኩል ሌንሱን ብቅ አደረግሁ። አንገታቸውን ሳይቀር አዙረው ቀጥ አሉ። ሦስተኛው ላይ ጥላ ዘርግተው በተቀመጡ አንዲት እናት ትከሻ ላይ ላነጣጥር ሞከርኩ፤ እናትየዋ ቦርሳቸውን የምበረብር መስሏቸው በጥላው እጀታ ክርኔን አሉኝ። ያም ሆኖ ጋሽ በየነ አይተውኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ሌንሴን ለማግኘት አንድ ሰከንድ አይፈጅባቸውም። ባለዙሙ ሌንስ ቢኖረኝ ከግቢው በር ላይ ሆኜ ሳያዩኝ አነሳቸው ነበር። በዚህኛው ግን የግድ አራት እርምጃ ላይ መቆም አለብኝ፤ አራት እርምጃ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ያየኛል። የፒያሳውን ሰውዬ በልቤ ረገምኩት።

ማሲንቆው በጠፋ ቁጥር ሕዝቡ ያፏጫል። ዕረፍት ሲሆን ቦንቱ ከመድረኩ ጀርባ ጠበቀችኝ። እስከዚያ ቀን እርስዎ ስትለኝ የነበረችው ልጅ እርስዎውን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ሽማግሌው ምን እንደነካቸው፣ ልምምድ ላይ እንዲህ ሆነው እንደማያውቁ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ዘፈን ግማሹ የማሲንቆ ብቻ እንደሆነ፣ እዚያ ላይ ካቆሙ ባንዱ ኮልፌ ላይ ዳግም ፊቱን እንደማያሳይ ነገረችኝ። ካሜራህን አርቅ አለችኝ።

ጋሽ በየነ ዘንድ ሄድኩ። ዱካቸው ላይ ውኃ እየጠጡ ነበር። ጋሽ በየነ፣ አይዩኝ፣ እንደሌለሁ ይቁጠሩኝ፣ ዝም ብለው ይጫወቱ ብዬ ለመንኳቸው።

«እሺ እላለሁ፤ እጄ ነው እሺ የማይለው» አሉኝ እጃቸውን እያገላበጡ እያዩ። «ካሜራው ሲመጣ ብቻውን ይቆማል። አንተ ያስተማርከኝን እንዳላበላሽ ብዬ እኮ ነው፣ ወንድዬ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኔ የጮህኩት አንድ ቀን ነው፤ እሳቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አክብረውታል። የሌንሱን ክዳን ገጥሜ ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩና ከአጥሩ ሥር ቆምኩ። ፎቶው ይቅር፣ ቢያንስ ዘፈኑ ይትረፍ ብዬ ወሰንኩ።

የመጨረሻው ዘፈን መጣ። ቦንቱ ስማቸውን ጠርታ፣ ባንዱ ዝግ ብሎ፣ ማሲንቆው ብቻውን ወጣ። ግን ጨዋታቸው ልክ አልነበረም። ደጋኑ ይጀምርና ያመነታል። ጋሽ በየነ እየተጫወቱ በዓይናቸው ሕዝቡን ይፈልጋሉ። ስፒከሩ ጀርባ አዩ፣ ባለጥላዋ እናት ዘንድ አዩ። እኔን ነበር የሚፈልጉት። ካሜራው ሲመጣ ቀጥ ለማለት ተዘጋጅተው ይጠብቁኛል፣ አለመምጣቴም አስጨንቋቸዋል። ካሜራዬን ባነሳ ያቆማሉ፣ ባላነሳ ደግሞ አይጫወቱም።

ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ማሲንቆ የያዘ ሰው ፊቱ ገብቶ ትከሻውን የሚነቀንቅ ካለ ትቶት ሊያቆም አይችልም። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ለዚያ ሰው ግጥም ሳይደረድርለት፣ ስሙን ሳያነሳ ሳይጥል ደጋኑን አያወርድም። ይህን በእኔ ሠርጎች ላይ ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። እኔ ግን ከራሴ ሠርግ ወዲህ ትከሻዬን ነቅንቄ አላውቅም። ፎቶ አንሺ ክብር አለው፤ የሚጨፍር ፎቶ አንሺ እጁን ቢያነሳ ማን ያቆምለታል?

ክዳኑን ከሌንሱ ላይ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፣ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ቦንቱ ስታየኝ ዓይኗ ሊወጣ ደረሰ። ከጋሽ በየነ አራት እርምጃ ላይ ቆምኩ፣ ካሜራውን ደረቴ ላይ በአንድ እጄ ያዝኩ፣ ትከሻዬን ጀመርኩ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ትከሻ ሲነሳ ይንቋቋል። የዘፈኑ ምት ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ይዘላል፤ ሁለት ጊዜ ሳትኩት። ከፊት የተቀመጡት ትልልቆች ውይ ወንድዬ እያሉ እየተንተከተኩ ሳቁ። ጋሽ በየነ በመጀመሪያ ካሜራውን አዩ፣ ደጋናቸው ግማሽ መንገድ ተነሳ። ከዚያ ትከሻዬን አዩ። ደጋኑ ተመለሰ። ፊታቸው በራ፣ አንገታቸውን ወደኋላ ጣል አድርገው ሲያወጡት ግቢው ጸጥ አለ፦

«ኬኩም ገባ አልበም ውስጥ፣ ሚዜም ገባ አልበም ውስጥ፣
እኔ ምን በደልኩህ በመቀስ የምትቆርጥ።»

ኮልፌ ሳቀ። ግማሹ ሰው አልበሙ ቤቱ አለ፤ የቆረጥኩትም ለእሱ ነው፤ ራሱ አዞኝ ራሱ ሳቀብኝ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ፣ ግን ማቆም አልቻልኩም፣ እሳቸውም ማቆም አልቻሉም። ቦንቱ ቤዙን ከሥር ከተተችበት፣ ከበሮው ተከተለ፣ ጋሽ በየነ ሁለተኛ ግጥም፣ ሦስተኛ ግጥም ጨመሩ። አዲሱን ሌንሴንም አልማሩትም፤ ከቅርብ እንጂ ከሩቅ የማያይ ብለው ከባለቤቱ ጋር አመሳሰሉት። ጣቴ ቁልፉን ተጭኖ አልለቀቀም። ምን እያነሳሁ እንደሆነ አላየሁም። እያለቀስኩ ይሁን እየሳቅኩ እኔም አላወቅኩትም።

ሰኞ ጠዋት ፎቶ ቤት ውስጥ አራታችን ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፋን፤ እኔ፣ ዋጋነሽ፣ ቦንቱና ጋሽ በየነ። መጀመሪያ ሰማይ መጣ። ከዚያ የሸሚዜ ቁልፍ፣ እጅግ ጥርት ብሎ። የቦንቱ ግማሽ ጉልበት። የስፒከር ሽቦ። እንደገና ሰማይ። ዋጋነሽ እውነትም አንዱን ለይቶ የሚያወጣ ሌንስ ነው አለች። ሁለት መቶ ፎቶ ያህል አለፍን፤ እኔ ቀና ብዬ ጋሽ በየነን ማየት ፈርቻለሁ።

ከዚያ መጣ። ጋሽ በየነ ናቸው። አፋቸው ተከፍቷል፣ ዓይናቸው ጠቧል፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሯል፣ ደጋኑ ማሲንቆው ላይ ተስቧል፤ የጭራው አንዷ ክር ተበጥሳ ስትውለበለብ ሳይቀር ትታያለች። ከኋላቸው ኮልፌ በሞላ ቅቤ ሆኗል። ያ ሌንስ ምን እንደሚችል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጋሽ በየነ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«እንዲህ ነው እንዴ የምጫወተው?» አሉ።

እንዲህ ነው አልኳቸው። ራሴን ለመደበቅ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ፎቶው ጥግ ላይ አንድ ነገር ነበር፤ ከሌንሱ አጠገብ የተወዘወዘ ግራጫ ቁራጭ፣ የራሴ ክርን። ፖስተር ላይ አያምርም። ማውሱን ይዤ መቁረጫውን ስከፍት ጋሽ በየነ እጄን ያዙት።

«ተወው፣ ይኑር» አሉ። «እሱም ሲጨፍር ነበር።»

ፖስተሩ ከነክርኔ ታተመ። አሁን ከአስኮ እስከ ኮልፌ በየግድግዳው አለሁ፤ ሰው ክርኑ የማን ነው ብሎ ይጠይቃል፣ ዋጋነሽም ለጠየቀ ሁሉ ትናገራለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ወንበር ላይ ወጥቼ የድሮ ፊልሞች ያሉበትን ካርቶን አወረድኩ። አልበም ይቆረጣል እንጂ ፊልም አይቆረጥም። የእኛን ሠርግ አገኘሁና መስኮቱ ላይ አድርጌ በብርሃኑ አየሁት። ከዚያ የሌላ ሰው ሠርግ፣ ከዚያ የሌላ፣ እስኪመሽ። ሁሉም ላይ ጋሽ በየነ አሉ። አንድም ላይ አይጫወቱም። ማሲንቆውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ደጋኑን ከጭራው ላይ አንስተው፣ አፋቸውን ገጥመው፣ ትክ ብለው ያዩኛል። በየሠርጉ ፀጉራቸው እየሸበተ ይሄዳል እንጂ አቋማቸው ያው ነው።

ዋጋነሽ ከኋላዬ መጥታ የሠርጋችንን ፊልም ተቀበለችኝ፣ ወደ ብርሃኑ አነሳችው፣ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አለች።

እጄን እስካወርድ ነበር የሚጠብቁት። ግራ እጄን ወደ ላይ አንስቼ አሳየኋት፣ ከዚያም አወረድኩት።